ግድግዳው ምን ተሸክሟል? የቤታችን የውስጥ ግድግዳ ታሪክ በይፋትና በሸዋ



ከብድር ማመልከቻዎቻችን መካከል «ቤት ለማደስ» የሚለው ምክንያት እየበዛ መጥቷል። ዝርዝሩ ሲነበብ አንድ ሐሳብ ይደጋገማል፤ በሳሎንና በጓዳ መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ቤቱን አንድ ማድረግ። አንዷ ምግብ ቤት ለመክፈት ትፈልጋለች። ሌላዋ የፀጉር ቤት ታስባለች። ሦስተኛዋ የሸዋ ሮቢት ሙቀት አላስተኛ ብሏት ነፋስ ከበር እስከ በር እንዲያልፍላት ትመኛለች። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ የደረሰው ቃጠሎና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ከተማችን የዘለቀው ጦርነት በቤትና በንብረት ላይ ጉዳት አድርሰው ስለነበር፣ ከጥገናው ጋር አብሮ ቤቱን መለወጥም የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ወጪና ገቢውን ማየት ነው። ነገር ግን የቤት ግድግዳ በደረሰኝ ብቻ አይለካም። ማን አቆመው? ለምን አቆመው? ዛሬስ ምን ተሸክሟል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ወደ ኋላ ሄጄ የቤቶቻችንን ታሪክ አየሁ። ያገኘሁትን ለእናንተ ለማካፈል ነው ይህን የጻፍኩት።

ግድግዳ የማያበዙ ቤቶች

የይፋት ቆላ ብዙ ዓይነት ቤት የሚገናኝበት አገር ነው። በምሥራቅ በኩል የአፋር ጎረቤቶቻችን ቤት «አሪ» ይባላል። ቀጫጭን እንጨት ጎብጦ ይታሰርና በሰሌን ይሸፈናል። ቤቱን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ጉዞ ሲነሣም ነቅለው ግመል ላይ የሚጭኑት እነሱው ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቋሚ ግድግዳ ቦታ የለውም። ቤቱን የሚያውቀው እጅና ቤቱን የሚኖርበት ሰው አንድ ስለሆነ፣ የትኛው እንጨት የትኛውን እንደያዘ ለባለቤቷ መንገር አያስፈልግም።

ወደ ዳገቱ ስንወጣ የአርጎባ የድንጋይ ቤቶችን እናገኛለን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ይፋትን ማዕከሉ አድርጎ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩ የመስጊድ፣ የመኖሪያና የመቃብር ፍርስራሾች አስባሪ፣ ኖራ፣ መሳልና ራሳ ጉባ በሚባሉ ሥፍራዎች ይገኛሉ፤ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም አጥንተዋቸዋል። የድንጋይ ግንብ ሲሠራ ቀርፋፋ ነው፤ ሲፈርስም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ቤት የያዘ ሰው ግድግዳ ለማንሳት ቸኩሎ አይነሣም።

የሸዋ ደጋ ጎጆ ደግሞ ክብ ነው። የሣሩ ጣሪያ በመሐል ባለው ምሰሶና በዙሪያው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ውስጡ በመደብ፣ በጎታና በመጋረጃ ይለያል፤ ከኋላ በኩል ጓዳው አለ፤ በብርድ አገር ከብቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። በዚህ ቤት ጣሪያውን ማን እንደያዘው ልጅም ያውቃል። «ሴት የቤት ምሰሶ ናት» የሚለው አባባል የተወለደው ሰው ሁሉ ምሰሶውን በዓይኑ እያየ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነው።

አዳራሽና ማጀት

የመኳንንቱ ግቢ ሌላ ሥርዓት ነበረው። እልፍኙ የጌታው የብቻ ክፍል፣ አዳራሹ የግብር ቦታ፣ ጓዳውና ማጀቱ የሥራ ቦታ ነበሩ። ትልቁ ምሳሌ በ1890 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአዲስ አበባ ግብር አዳራሽ ነው። ጣሪያው በምሰሶዎች ላይ ቆሞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ይመገብበት ነበር። በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚለየው መጋረጃ ነበር፤ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ከበሉ በኋላ መጋረጃው ይገለጥና ግብሩ ይቀጥላል።

ከአዳራሹ ጀርባ ግን የማይገለጥ ግድግዳ ነበር። እንጀራው የሚጋገርበት፣ ወጡ የሚሠራበት፣ ጠጁ የሚጣልበት ቤት ለብቻው ነው። በየቤቶቹ ከሌሊት ጀምረው የሚሠሩት በብዛት ሴቶች ነበሩ። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለው አባባል የሕግ አንቀጽ አልነበረም፤ ነገር ግን ቤት ሲሠራ እንደ ፕላን ያገለግል ነበር። ዛሬ በእያንዳንዳችን ቤት በሳሎንና በጓዳ መካከል ያለው ግድግዳ የዚያ ትልቅ ግቢ ትንሽ ቅጂ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እንግዳው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ምግቡ ከኋላ ይመጣል፤ ማን እንደሠራው አይታይም።

ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮና መንገድ

የዛሬው ዓይነት ቤታችን የተወለደው ከሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ የሚያድግ ቀጥ ያለ እንጨት በመስጠቱ አራት ማዕዘን ቤት መሥራት ቀለለ። ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው፤ በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ዕቃ ማስገባት ቀለለ። ሦስተኛው መንገድ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በጣርማ በር ዋሻ ፈልፍሎ ወደ ደሴ የዘረጋው መንገድ ቆላውን ከደጋው አገናኘ። በመንገዱ ዳር ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ካራ ቆሬ እየሰፉ ሄዱ፤ ቆርቆሮና ምስማር የጫነ መኪናም በየበራቸው ያልፍ ጀመር።

የጭቃ ቤት አሠራር ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። ቋሚው እንጨት ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፤ ማገር ከግራና ከቀኝ ይመታበታል፤ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ወራጁና ቆርቆሮው ከላይ ያርፋል። ቤቱ ረዘም ካለ በመሐል አካፋይ ግድግዳ ይቆማል። ከጎጆው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ምሰሶው ከዓይን ጠፋ። ጣሪያውን የሚይዘው እንጨት ጭቃና ቀለም ተቀብቶ፣ ከላይም በኮርኒስ ተሸፍኖ ግድግዳ ውስጥ ተደበቀ። ስለዚህም ዛሬ ብዙ ሰው አካፋዩን ግድግዳ እንደ መጋረጃ ያየዋል። በጭቃ ቤት ውስጥ ግን አካፋዩ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከላይ የጣሪያውን መሐል ይደግፋል፤ ከጎን ደግሞ ሁለቱን ረጃጅም ግድግዳዎች አስሮ ይይዛል።

በእኛ ቆላ ሌላ ነገርም ይጨመራል፤ ምስጥ። ምስጥ የቋሚውን እግር ከመሬት በታች ይበላል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ደህና ነው፤ ከውስጥ ግን እግር የለውም፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ከአጠገቡ ካለው ግድግዳ ጋር በማገር ስለተያያዘ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን ጎረቤት ግድግዳ ያነሳነው ዕለት የቀረውም ዘመም ማለት ይጀምራል።

ግንቦት 1953

የአካባቢያችን ሰው ይህን በመጥፎ ቀን ተምሮታል። ከግንቦት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ከእኛ በስተ ሰሜን ያለው የይፋት መሬት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከሁሉም ከባዱ ግንቦት 24 ቀን መጣ። መጀቴ ፈረሰች። ካራ ቆሬ ክፉኛ ተጎዳች። መሬት ተሰነጠቀ፤ ናዳ ወርዶ ወደ አሥመራ የሚወስደውን ዋና መንገድ ጎዳ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ፒየር ጉዊን ይህንን ርዕደ መሬት አጥንተው፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በሰበሰቡበት መጽሐፋቸው መዝግበውታል። በአካባቢያችን ያሉ አረጋውያን ወላጆቻችንም ሜዳ ላይ ያደሩበትን ጊዜ ያስታውሱታል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከእኛ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ለወራት የዘለቀ ተከታታይ ርዕደ መሬት ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የሀገራችን የሕንጻ ኮድም የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ፣ እኛ ያለንበትን ማለት ነው፣ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ቀጠናዎች ይመድበዋል።

ርዕደ መሬት ቤትን ከላይ ወደ ታች አይጫንም፤ ወደ ጎን ይገፋል። የጣውላ ሳጥን አስቡ። በመሐሉ አካፋይ ያለው ሳጥን በእጅ ቢገፉት አይንጋደድም። አካፋዩን አውጥታችሁ ብትገፉት ግን ጎኑ ይለመጣል። የቤት አካፋይ ግድግዳም በጸጥታው ዘመን ሥራ ፈት ይመስላል፤ ሥራው የሚታወቀው መሬት ስትንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ በይፋት ቆላ ግድግዳ ማፍረስ ከሌላ ቦታ የበለጠ ማሰብ የሚፈልግ ነገር ነው።

ከአዋጁ በኋላ የበዙ ግድግዳዎች

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ፤ የቤት ኪራይም ተቀነሰ። ለብዙ ድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። በአንጻሩ በኪራይ ገቢ ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ ባለቤቶች፣ ባል የሞተባቸው እናቶችም ጭምር፣ ገቢያቸውን አጡ።

ከዚያ በኋላ በየከተማው ቤት ወደ ውስጥ መከፋፈል ጀመረ። አዲስ ቤት እንደ ልብ አይሠራም፤ ቤተሰብ ግን ይበዛል። ልጅ አግብቶ እዚያው ይኖራል፤ ዘመድ ከገጠር ይመጣል። በኮምፔርሳቶ፣ በቺፑድ፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በጨርቅ አንዱ ክፍል ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ወደ ጎን ቦታ ሲያልቅ ወደ ላይ ቆጥ ተሠራ። የእነዚያ ግድግዳዎች ታሪክ የመጠጊያ ታሪክ ነው። ማንንም ለመደበቅ ሳይሆን ሰው ለማስጠለል ቆሙ።

ይህን የማነሳው ለተግባራዊ ምክንያት ነው። በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ግድግዳ ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል፤ ከቤቱ ጋር የተወለደና ጣሪያ የተሸከመ፣ እንዲሁም ከብዙ ዓመት በኋላ የገባና ከራሱ በቀር ምንም ያልተሸከመ። ልስንና ቀለም ሁለቱን አንድ ያስመስላቸዋል። ቤቱ እንዴት እንደ ተከፋፈለ የሚያውቅ አዛውንት ሰፈር ውስጥ ካለ እሱን መጠየቅ ከግንበኛው ምርመራ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው።

ብሎኬትና ኮለን

ሰፊና ግድግዳ የሌለው ሳሎን ፋሽን የሆነው በብረትና በሲሚንቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው አርክቴክት ቤት በኮለንና በሶሌታ ብቻ ሊቆም እንደሚችል፣ ግድግዳም እንደ ፈለጉ የሚቀመጥ ነገር እንደሆነ በንድፍ አሳየ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1936 ለአዲስ አበባ ፕላን ነድፎ ነበር፤ የላከው ግን ለወራሪው ለሞሶሊኒ ነው፤ እንደ ንድፉም አልተሠራም። የኮለንና የሶሌታው አሠራር ግን ወደ እኛ ደርሷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየከተማው የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ሸክማቸውን በኮለንና በቢም ላይ አድርገው በብሎኬት የተከፋፈሉ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ አንድ የብሎኬት አካፋይ ሲነሳ ፎቁ አይወርድም፤ ነገር ግን ውስጡ የኤሌክትሪክ ገመድና የውኃ ቧንቧ ሊኖር ይችላል።

ችግሩ በኮንዶሚኒየም ያየነውን በጭቃ ቤት ልንደግመው ስንነሣ ነው። የእህቷን ቤት አዲስ አበባ ሄዳ ያየች ሴት «የእነሱ ፈርሶ ምንም አልሆነም» ብትል እውነቷን ነው። የእነሱ ቤት ግን ኮለን አለው። የእኛ ቤት ኮለን ራሱ ግድግዳው ነው።

ለእኛ ለሴቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ጓዳውን ወደ ሳሎን መክፈት ሥራችንን ያቀልልናል? እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት በጀርመን ፍራንክፈርት ለሠራተኛ ቤተሰቦች ወጥ ቤት ነደፈች። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር። ሴቲቱ ስትሠራ የምትራመደውን እርምጃ ቆጥራ፣ ዕቃው ሁሉ እጅ የሚደርስበት ቦታ እንዲሆን አደረገች፤ ወደ 10,000 ቤቶችም ገባ። ከጊዜ በኋላ ግን ወጥ ቤቱ ሴቲቱን ለብቻዋ ይዘጋባታል የሚል ወቀሳ ተነሣበት፤ በሌላውም ዓለም ግድግዳው እየተነሣ ሄደ። ከዚህ የምማረው ግድግዳ መኖሩ ወይም መፍረሱ ብቻውን ሥራ እንደማያቀል ነው። የሚያቀልለው ሥራው እንዴት እንደሚሠራና ማን እንደሚካፈለው ነው። በእንጨት እንጀራ የሚጋገርበት ጓዳ ወደ ሳሎን ቢከፈት ጭሱ ለእናት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሕፃናቱም ይደርሳል። ስለዚህ ከግድግዳው በፊት ምድጃው ይታሰብ። ጭስ የሌለው ምጣድ ወይም ከቤት ውጭ ያለ ማድቤት የሌላት ሴት ግድግዳው ለጊዜው ቢቆይላት ይሻላል።

ከማፍረስ በፊት

ታሪኩ ወደ እነዚህ ምክሮች ይመራኛል።

አንደኛ፣ ወደ ላይ እዩ። ከኮርኒሱ አንድ ቦታ ተከፍቶ ወራጁና አግዳሚው እንጨት በግድግዳው ላይ ማረፉ ይታይ። ካረፈ ግድግዳው ተሸካሚ ነው። ወደ ታችም እዩ፤ የቋሚዎቹ እግር ዙሪያ ተቆፍሮ ምስጥ መኖሩ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ሙሉ ግድግዳ ከማንሳት ይልቅ ሰፊ በር መክፈት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሁለቱም ጫፍ የግድግዳው ትከሻ ከቀረ፣ ከላይም ጠንካራ አግዳሚ በሁለት ቋሚዎች ላይ ካረፈ፣ ነፋሱም ብርሃኑም ያልፋል፤ ቤቱም እንደ ታሰረ ይቆያል። አግዳሚው ሳይገባ መዶሻ አይነሣም፤ አስቀድሞ ጣሪያው በፑንቴሎ ይደገፋል። ሥራው በበጋ ይሁን፤ በክረምት ዝናብ የራሰ ጭቃ ይከብዳል፤ ይላላልም።

ሦስተኛ፣ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። የሕንጻ ሕጉ ነባር ሕንጻን ማሻሻልንም እንደ ግንባታ ይቆጥረዋል። ፈቃድ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ባለሙያ ቤቱን እንዲያይላችሁ በር ይከፍታል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ስምምነት የሚፈርስ ግድግዳ በኋላ ክስ ሊያመጣ ይችላል።

አራተኛው የእኔው ሙያ ነው። ሒሳቡን በሙሉ ጻፉ። የማፍረሻው ዋጋ ትንሹ ነው። ግድግዳው የነበረበት ወለልና ኮርኒስ ይጠገናል፤ ማብሪያና ማጥፊያው ይዛወራል፤ ልስኑና ቀለሙ አዲስ ይሆናል፤ ፍርስራሹ በጋሪ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን የምናጣው ክፍል ነው። ለምሳሌ ያ ክፍል በወር 1,500 ብር ሊከራይ የሚችል ከሆነ፣ ግድግዳውን ማንሳት በዓመት 18,000 ብር መተው ነው። የምትከፍቱት ምግብ ቤት ወይም ፀጉር ቤት ከዚያ በላይ በተጣራ ትርፍ ያስገባ እንደሆነ በወረቀት ላይ ይታይ። ካስገባ ብድሩ ጥሩ ብድር ነው። ካላስገባ ግን ቤታችሁ ሰፍቶ ኪሳችሁ ይጠብባል።

በማኅበራችን በኩል አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለቤት ማደሻ ብድር በሚሞላው ቅጽ ላይ ሁለት መስመሮች ይጨመሩ። አንዱ «የሚነሳው ግድግዳ ጣሪያ ተሸክሟል ወይ? ማን አየው?» የሚል ይሁን። ሁለተኛው «በክፍሉ ውስጥ የሚያድር ወይም የሚከራይ ሰው አለ ወይ? ወዴት ይሄዳል?» የሚል። ደጋፊዎቻችንም የምትረዱን ከሆነ አንድ የሕንጻ ባለሙያ በዓመት ለጥቂት ቀናት መጥቶ የአባላትን ቤት ቢያይልን፣ ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ጥቅም ይሰጠናል ብዬ አምናለሁ። በፈረሰ ቤት ላይ የተሰጠ ብድር የሚመለስ አይደለም፤ በፈረሰ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይመለስም።

እናቶቻችን ከማጀቱ ግድግዳ ኋላ ሆነው ቤት አቁመዋል። እኛ ያንን ግድግዳ የማንሳት ፈቃዱም ብሩም በእጃችን እየገባ ነው፤ ደስ የሚል ነገር ነው። እህቶቼ፣ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ፑንቴሎው መቆሙን እዩ።